አውራ ጣት ያላት ሙሽራ

ጅኑክ ወንድሟ ሞክሌስ ሲያለቅስ ያየችው ሁለቴ ብቻ ነው። አንዴ ኋላ ያጫትን ፓሩልን ከአውቶቡስ ስትወርድ ያየ ቀን፣ አንዴ ደግሞ ትናንት፣ የፓሩል አጎት ጊያስ «ልጃችንን አንሰጥም» ብሎ የላከ ዕለት።

አጎትየው ገበያ ላይ ሲም ካርድ ይሸጣል። ነገረኛ ነውና የሙሽራውን ስልክ ቁጥር ሲም በሚመዘግብበት የአሻራ ማሽን ፈተሸው። የወጣው ስም «አንዋራ» ይላል።

«ሌላ ሚስት አለችው! ስሟም አንዋራ ነው!» ብሎ ገበያውን አዳረሰ።

አንዋራ እናቱ ናት።

በእነ ጅኑክ ቤት በአባት በኩል አብዛኛው ሰው ጣቱ እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ አንዲት መስመር የለበትም። ከዘር የሚወረስ የቆዳ ነገር ነው። ራጅሻሂ ከተማ ያለው ሐኪም ረጅም ስሙን ነግሯቸው ነበር፣ ቤት ሳይደርሱ ጠፋባቸው። አያትየው ሰማንያ ዓመት ሙሉ ማንጎ ሲለቅሙ ጣትዎን ያሳዩ ያላቸው የለም። ኋላ ግን ያለ አሻራ ሲም አይሸጥም ተባለና ጉድ ፈላ። የመታወቂያው ጸሐፊ ደግሞ ግራ ቢገባው ከአባትየው ስም አጠገብ «ጣት የለውም» ብሎ ጻፈ፤ ብዕሩን በጣታቸው ያቀበሉት እኮ እሳቸው ናቸው። አሻራ ያላት ከሌላ መንደር ተድራ የመጣችው አንዋራ ብቻ ስለሆነች፣ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ በሷ ስም ወጣ።

ጅኑክ የወንድሟ ለቅሶ ሲሰለቻት ስልኳን አንስታ ደወለች።

«አጎቴ ጊያስ፣ ያቺን ሚስት ላሳይዎት። ማሽኑን ይዘው ይምጡ።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ቆይ ቁጥርሽን ልየው… አንቺም አንዋራ ነሽ?!»

«እዚህ ቤት አንዋራ ያልሆነ የለም» አለችና ዘጋችው።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሰውዬው ማሽኑን በብብቱ ወሽቆ መጣ። ጣፋጭ ቢቀርብለት «ነገሩ ሳይጣራ አልቀምስም» ብሎ ሳህኑን ገፋ።

ሞክሌስ አውራ ጣቱን አሳረፈ። «እንደገና ይሞክሩ» አለ ማሽኑ። አጎትየው ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለለት። እንደገና። በሎሚ አሸው። እንደገና። አባትየው ሞከሩ፣ ጅኑክ ሞከረች፤ ማሽኑ ያችኑ ቃል ይደግማል። ተበላሽቶ ይሆን ብሎ የራሱን ቢያሳርፍ፣ ቲት! ወዲያው ተቀበለው።

በዚህ መሃል አንዋራ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣችና ጣቷን ጫን አደረገችው። ቲት! በስሟ የወጣ አሥራ አራት ስልክ ቁጥር ማሽኑ ላይ ተዘረገፈ።

«ሚስቱ ይቻትና!» አለች ጅኑክ። «ከነአሥራ አራት ስልኳ።»

ሰውዬው ላቡን ጠረገ። «እህቴ፣ አንድ ብቻ ቀርቶሻል እኮ! ከአሥራ አምስት በላይ ላንድ ሰው አይፈቀድም።»

«ታዲያ ምራት ለምን የምፈልግ መሰለህ፣ ወንድሜ?»

«በሽታው ያማል?» አለ አጎትየው።

«ሲም ሲገዙ ብቻ» አለች ጅኑክ።

አጎትየው አልሳቀም። ወደ ቤቱ ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ፓሩል ልጄ፣ እናቱ ናት። ግን ልጁ አሻራ የለውም። ልጆችሽም ሊወርሱት ይችላሉ። ከተጋባችሁ ስልኩን በስምሽ የምታወጪለት አንቺ ነሽ።»

ሞክሌስ ወደ ስልኩ ተጠጋ።

«አጎቴ፣» አለች ፓሩል፣ «ያለኔ ጣት ሌላ ስልክ በድብቅ መግዛት አይችልም ማለት ነው?»

«አይችልም።»

«በሉ የሠርጉን ቀን ቁረጡ።»

አጎት ጊያስ ሳህኑን ወደ ራሱ ጎተተና አራቱን ጣፋጭ ባንዴ ጨረሰ።

ፓሩል ገና የገባች ሰሞን ድስት ልትፈትግ ብትነሳ አማቷ ጮኸችባት። «ተይ! አሻራሽ ያልቃል! እንቺ ቅባት፣ ጣትሽን ተቀቢና ቁጭ በይ።» ከዚያም ድስቱንና አመዱን ለጅኑክ አሸከመቻት። «አንቺ ምን ታጫለሽ?»

ጅኑክ ድስቱን እየፈተገች፣ ለወንድሟ ሁለት ቀን ተጨማሪ ለቅሶ ብትፈቅድለት ምን ነበረበት ስትል አሰበች።