ከሞንጉ የቀረው አውሮፕላን

የሰደበኝ ሙከላባይ ነው። አምና፣ ንጉሡ ከጎርፉ ወጥቶ ወደ ደረቁ መሬት የሚሻገርበት በዓል በዋለ ማግስት፣ ጠዋት፣ ሞንጉ አየር ማረፊያ፣ ዕቃ መመዘኛው ፊት። የእህቴ ልጅ ነርስ ልትሆን ሉሳካ ልትማር ነው፤ ልሸኛት ቆሜያለሁ። እሱ ያኔ የአየር መንገዱ ኃላፊ ነበር። ከረባቱን አጥብቆ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣

«ንዳቴ ሲሊሾ! አባታችን! ሁለት አውቶቡስ ይዘህ ልጅህን በእኛ ትልካለህ? አንተም አታምናቸውም በለኛ!» አለኝ።

ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። የፖሊስ አዛዡ ሚስት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ስድብ ግን አልረሳም።

ልጅቷን በአውሮፕላን የላክሁት ወድጄ አይደለም። ያኔ የአውሮፕላኑ ትኬት ከእኔ አውቶቡስ ይረክስ ነበር። ሞንጉ የምትመላለስ የሌላ ድርጅት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ እሷን ለማባረር ነው እነሙከላባይ ዋጋውን የጣሉት። ትንሿ አልቻለችም፣ ሄደች። እኔም አንዱን አውቶቡስ ሸጥሁ። ብቻቸውን ሲቀሩ ዋጋውን እጥፍ አደረጉት። ሰው መሳፈር ሲያቅተው ደግሞ «መስመሩ አያዋጣም» ብለው ሞንጉን ሰረዙ። ሙከላባይም ከነከረባቱ ሜዳ ላይ ቀረ። የቀረችኝ አንዷ አውቶቡስ ግን አሁን እየሞላች ትሄዳለች።

ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ መጣ። ሦስት አዳዲስ አውቶቡሶች ከሉሳካ ለሚያስገባ ኩባንያ ወኪል ሆኗል አሉ።

«ንዳቴ፣ ከእንግዲህ እኔና አንተ ብቻ ነን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተስማምተን ዋጋ እንጨምር። ወዴት ይሄዳሉ? ይዋኛሉ?»

«እምቢ ካልሁስ?»

«ያችን ትንሽ አውሮፕላን አስታውሳት። ነዳጅህን እንኳ በማይሸፍን ዋጋ እንጭናለን። ዝናቡ ሳይገባ ይቺንም ትሸጣታለህ።»

ዋሽቶ አይደለም። ያደርጉታል። ይቺ ከሄደች እኔም አለቀልኝ።

የዓሣ ነጋዴዎቹ አለቃ ናሉኩይ ቅርጫቷን ጣሪያ ላይ እያስጫነች ሰምታዋለች።

«አንተ ልጅ!» ብላ ጮኸችበት። «ያኔ በርካሹ የተሳፈርነው እኛው ነን፤ መንገድ ላይ የቀረነውም እኛው! ለመሆኑ ያንተ አውቶቡስ ካኦማ እስኪደርስ በየመንደሩ ይቆማል?»

«እናቴ፣ የእኛ እኮ ፈጣን ነው፤ አይቆምም። ማቀዝቀዣም አለው።»

«ዓሣዬ ደርቋል፣ ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል? እኔ የምፈልገው ደጃፌ የሚያወርደኝን ነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የሳቁት በእኔ አልነበረም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰማይ ላይ መንደር የለም፤ ትንሿን አውሮፕላን ማንም ደጁ ላይ አልጠበቃትም። የእኔን መንገድ ግን ሴቶቹ ይጠብቁታል፤ እኔም እያንዳንዷን ደጃፍ አውቃለሁ። በርካሽ ይምጡ እንጂ! እንተያያለን።

ሙከላባይ ፊቱ ቀላ። ተስፋ አልቆረጠም፤ ሰው ሁሉ እያየው ፊቴ ቁጢጥ አለና በእኛ ወግ ታላቅ ሰው እንደሚለመነው እጁን ቀስ አድርጎ አጨበጨበ። መልሼ ካጨበጨብሁ ተስማማሁ፣ ቃሌም ታሰረ ማለት ነው። ሴቶቹ እጄን ያያሉ። እሱም አጎንብሶ ይጠብቃል።

እጆቼን ኪሴ ከተትሁና ወደ አውቶቡሴ ሄድሁ።