የመጀመሪያው ውኃ ሲወጣ

ስልኩን ያነሳችው ሐሊና ነበረች። የደወለችው ሴት የአንድ እርዳታ ድርጅት የግዥ ኃላፊ ነች። በሰሜን ኬንያ ኢሲዮሎ ለሚቆፈሩ ጉድጓዶች ያስገቡትን ፕሮፖዛል አንብባ እንደጨረሰችና ደስ እንዳላት ከተናገረች በኋላ፣ “ሚስተር ዘርይሁን በሚቀጥለው ሳምንት ለውይይት መምጣት ይችሉ ይሆን?” ስትል ጠየቀች።

ሐሊና የስልኩን እጀታ በመዳፏ አፍና ወደ ዓይናለም ዞረች። “ጋሼ ዘርይሁንን ነው የምትፈልገው” አለቻት።

ዘርይሁን ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። የዓይናለም ባል ነበር። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ያለችውን ይህችን ትንሽ ቢሮም ከጓደኛው ከካሣሁን ጋር ያቋቋመው እሱ ነው። ሥራቸው በሰሜኑ ደረቅ አገር ጉድጓድ ማስቆፈርና በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ መትከል ነው። ካሣሁን መሐንዲስ ስለሆነ መስኩን ይይዛል፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ሐሊና ንድፉንና ዋጋውን ታወጣለች፤ ፕሮፖዛሉን የምትጽፈው ዓይናለም ናት።

መጻፍ ከተባለ። አዲስ ጨረታ በወጣ ቁጥር ዘርይሁን የጻፈውን የድሮ ፋይል ትከፍትና በሌላ ስም ታስቀምጠዋለች። ከዚያ የቦታውን ስም፣ የደንበኛውን ስምና ዋጋውን ትለውጣለች፤ የቀረው እንዳለ ይሄዳል። እሱ ሲሞት የሥራ ልምዱንና ፎቶውን አውጥታለች፤ ሽፋኑ ላይም የካሣሁንን ስም አስገብታለች። ነገር ግን መሐል ገጽ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ “የመጀመሪያው ውኃ ሲወጣ ዘርይሁን ራሱ በቦታው ይገኛል” የምትል። ዓይናለም ያቺን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አታውቅም። የጎደለ ነጥብ እንኳ የማያመልጠው ዓይኗ ያንን ስም እንደ ስህተት ቆጥሮት አያውቅም። ደንበኞቹም እስከ ዛሬ ልብ አላሉትም።

“ስጪኝ” አለችና ስልኩን ተቀበለች።

ባለቤቷ እንደነበረና እንዳረፈ፣ ስህተቱም የእነሱ መሆኑን በተረጋጋ እንግሊዝኛ አስረዳች።  ሴትየዋ በአገሯ ቋንቋ “ፖሌ፣ ፖሌ ሳና ማማ” አለች፤ ማዘኗ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ቀጥላም፣ “የተስተካከለውን እስከ ዓርብ ይላኩልኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ያንን ዐረፍተ ነገር እንዲያው ዝም ብለው እንዳያወጡት። ከተወዳዳሪዎቻችሁ እንዲህ ብሎ የጻፈልን የለም። ማን እንደሚገኝ ማወቅ ነው የምፈልገው” አለቻት።

ካሣሁን ከመስክ ሲመለስ ነገሩን ሰማ። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

“በቃ፤ ከእንግዲህ በኮፒ አንኖርም። ሐሊና፣ ስትለፈልፊለት የከረምሽው የፕሮፖዛል ማዘጋጃ ሶፍትዌር የታለ?”

“ሁለት ነው ያወረድኩት ጋሼ፣ የሙከራ። ፍሪ ነው ለአንድ ወር። አንቲ ዓይናለም ትምረጥ፣ እሷ ናት የምትጠቀምበት።”

“አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ቀን በነፃ የሚሰጥ ሁሉ በሠላሳ አንደኛው ያስለቅሳል።”

“ጋሼ ደግሞ! እስቲ መጀመሪያ እየው።”

ፕሮግራሞቹን በምልክታቸው ቀለም ሰማያዊውና አረንጓዴው አሏቸው። ሰማያዊው ሁሉን አሰናድቶ የሚጠብቅ ነው። የደንበኛውን ስም አንዴ ከጻፉለት በየገጹ ራሱ ያስገባል፤ መግቢያውና መደምደሚያው እንኳ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ካሣሁን መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

“‘ደንበኞቻችንን ወደ ላቀ የስኬት ከፍታ የሚያደርሱ የተቀናጁ መፍትሔዎችን እናቀርባለን።’ ይሄ ሰውዬ ወደ ላይ ነው እንዴ የሚቆፍረው?”

ሐሊና ሳቋ አመለጣት። ዓይናለምም ፈገግ አለች።

አረንጓዴው ከራሱ የሚሰጠው ቃል የለውም። እነሱ የጻፉትን ቆራርጦ በየመደቡ ያስቀምጣል፤ አዲስ ጨረታ ሲመጣ የሚፈለገው ተለቅሞ ይገጣጠማል። የደንበኛውን ስም እሱም ራሱ ያስገባል። ግን አንድ ግትር ጠባይ አለው፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ኃላፊ ይጠይቃል። ኃላፊው በራሱ የይለፍ ቃል የሚገባ ሰው መሆን አለበት። ጽሑፉን ሳያየው ከቆየ ፕሮግራሙ ስሙን ያቀላዋል።

ሐሊና የድሮውን ፋይል እየቆረጠች ማስገባት ጀመረች። የጉድጓዱ ጥናት፣ ካሣሁን። የፓምፑ ንድፍ፣ ሐሊና። ያቺ ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ኃላፊ የሚለው ሣጥን ባዶውን ይጠብቃል።

“አንቲ…” አለች ቀስ ብላ። “ይሄን ዴሊት ላድርገው? ወይስ የጋሼን ስም ላስገባ?”

“እኔማ ምን ጊዜም እዚያው ነኝ” አለ ካሣሁን። “ቆፋሪ ጉድጓዱ አጠገብ ይገኛል ተብሎ ይጻፋል? ዘርይሁን እንዲያ ያለው እኮ ከቢሮ የሚነሳ ሰው እንዲኖር ብሎ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ የፈረመ ሰው፣ ውኃው ጨው ጨው ቢል እንኳ ፊታቸው ቆሞ እንዲሰማቸው።”

“ለጊዜው ተዪው” አለች ዓይናለም። “ነገ አየዋለሁ።”

ይህን ብላ ሳትጨርስ ናይሮቢዎች ስቲማ የሚሉት መብራት ሄደ። በዚያ ዓመት ድርቁ ግድቦቹን ስላጎደለ መብራቱ በፈረቃ ነበር። ሦስቱም የጠቆረውን ስክሪን እያዩ ትንሽ ተቀመጡና ተበታተኑ።

ዓይናለም ቤቷ ወዳለበት ወደ ሳውዝ ሲ የሚወስዳትን የማታቱ ሚኒባስ ይዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። መንገዱ ተዘጋግቷል። ዘርይሁን ከመስክ ሲመለስ ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ ድፍርስ ውኃ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከአዲሱ ጉድጓድ መጀመሪያ የወጣውን። የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ያኖረውና ሲጠራ ለማየት ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ይልበታል። “ይህንን ነው የከፈሉህ?” እያለች ትቀልድበት ነበር። “አንድ ቀን አብረሽኝ ነይና ሲወጣ እዪው፤ ሴቶቹ እንዴት እንደሚሆኑ” ይላታል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቢሮው ባዶ ይሆናል፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ ትለዋለች። ውኃው ሲጠራ ለጽጌረዳዋ ታጠጣዋለች። ከጠርሙሶቹ አንዱንም አላስቀመጠችም፤ ሌላ ይመጣላ።

ያንን ፋይል ለምን እንደማትለቀው ካሣሁንም ሐሊናም አንድ ቀን እንኳ ጠይቀዋት አያውቁም። ዛሬም አልጠየቋትም። ስለዚህ አመሰገነቻቸው፣ በልቧ።

በማግሥቱ ሁለቱም ሳይመጡ ቢሮ ገባች። ሰማያዊውን ከኮምፒውተሩ አጠፋችው። አረንጓዴውን ከፈተችና የይለፍ ቃሏን አስገባች። ዐረፍተ ነገሯ እንደተተወች አለች። ዘርይሁን የሚለውን አጥፍታ በቦታው “ዓይናለም” ብላ ጻፈች፤ ኃላፊ በሚለው ሣጥንም እንዲሁ። ሌላ ቃል አልነካችም፤ “ራሱ” የምትለዋን ወደ “ራሷ”፣ “ይገኛል”ንም ወደ “ትገኛለች” ብቻ አዞረች። ከዚያ የደንበኛውን ስም አንድ ቦታ ጻፈችና ፕሮግራሙ በየገጹ ሲሞላው ተመለከተች።

ካሣሁን ገብቶ ከጀርባዋ ቆመ። አነበበ። 

“እስከ ኢሲዮሎ አስፋልቱ ደህና ነው” አለ። “ከዚያ ወዲያ ግን ጥርስሽን ነክሰሽ ነው። በዚህ ጫማ ከሆነ ደግሞ ግመሎቹ ይስቁብሻል።”

“ሌላ እገዛለሁ።”

“ሙቀቱስ?”

“ካሣሁን፣ እሄዳለሁ አልኩ እኮ።”

ፕሮፖዛሉን ዓርብ ጠዋት ላኩት። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዛሬ ያነሳችው ዓይናለም ናት።

“አየሁት” አለች የግዥ ኃላፊዋ። “ማክሰኞ ለውይይቱ እንጠብቃችኋለን፤ ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች አልጠራንም። የመጀመሪያው ውኃ ሲወጣ የሚገኙት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?”

“አዎን፣ እኔ ነኝ” አለች ዓይናለም።

ስልኩን ስትዘጋ ሐሊና ከወንበሯ ተነስታ መጥታ አንገቷን አቀፈቻት። ካሣሁን ግን ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ የመስክ ቦርሳውን ይፈትሽ ነበር፤ ቀና ሲል ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስ ይዟል። ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።