የበቀለው ግድግዳ

ዱብ። ዱብ። ዱብ።

ድምፁ ከውጭ ነው። እኔ በር ባልተገጠመለት ቤቴ ውስጥ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የጎረቤት አህያ ልትታከክ የመጣች መሰለኝ። ጭቃ ሲመቱት አይጮህም፤ ምቱን ይውጠዋል። ድምፁ ቦታ እየቀየረ ዙሪያውን ሲሄድ ግን የሰው ዱላ መሆኑ ገባኝ።

«ቤቶች!»

ዘልዬ ወጣሁ። የእጮኛዬ የውዳሴ አባት አያ ክንፈሚካኤል ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ደጀኔ ከሰፈራቸው በሞተር ይዟቸው መጥቶ ኖሯል፤ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ምልክት ይሰጠኛል። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ አያ «ልጄን እሰጣለሁ፤ ግን አስቀድሜ የምትገባበትን ቤት ልይ» ብለው ነበር። እነሆ፣ ሊያዩ መጡ።

«እንደምን ዋሉ አያ?» ብዬ ጎንበስ አልሁ።

ሰላምታዬን አልመለሱም። በዱላቸው ጫፍ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ፣ ጥላ በሚያርፍበት በኩል፣ ግድግዳዬ አረንጓዴ ሆኗል። እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ ቡቃያ ከምርጊቱ ውስጥ ብቅ ብቅ ብሏል።

«ጤፍ ነው» አልሁ፤ ሌላ ምን ይባላል።

«ጤፍ መሆኑንማ መች አጣሁት። ቤት ነው ማሳ? ልጄ ልታርመው ነው የምትመጣው?»

«እኔስ የመሬት ግብር እንዳይጠየቅበት ፈራሁ አያ» አለ ደጀኔ፣ ሳቁን በጋቢው እየሸፈነ።

የጭቃ ወግ የታወቀ ነው። ጭዱ ከአፈሩ ጋር ጉድጓድ ውስጥ እየተረገጠ፣ ውኃ እየጠጣ፣ እስኪሸት መክረም አለበት። ሲሸት ጭዱ ይላላና አፈሩን ያቅፋል፤ በውስጡ የቀረ ፍሬም ይበሰብሳል። እኔ ግን አያ ሲመጡ ቤቱ ቆሞ እንዲያዩት ቸኮልሁ። ጭዱን ከአውድማው ሥር፣ ፍሬው ካልጠራው ዘግኜ ሳይሸት መረግሁት። ይኸን ሁሉ ሳልነግራቸው ቡቃያው ነግሯቸዋል።

«ስማ ልጄ» አሉ አያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰርጉ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ተነጋግረናል። ይኸን ፋቅ ፋቅ አድርግና በሲሚንቶ ልሰነው። ከተለሰነ ሰርጉ አለ፤ ካልተለሰነ የለም። እኔ ጭቃ ቤት ተወልጄ ጭቃ ቤት አርጅቼ፣ ልጄን ወደ ብሎኬት ያስገባኋት በስንት መከራ ነው።»

ይኸን ብለው ከሞተሩ ኋላ ተፈናጠጡ።

ደጀኔ ፍኖተ ሰላም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በማግሥቱ ሲሚንቶውን በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«በል አውርድ! ቆመህ ምን ታልማለህ?»

«ደጀኔ፣ ጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይይዝም። ጭቃው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ነው። ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ ቅርፊት ይላጣል።»

«እስከዚያ ትወልዳላችሁ። አያ የልጅ ልጅ ሲያዩ ግድግዳ አያዩም።»

«ደግሞ…»

«ደግሞ ያን የጭስ ወሬህን ልታመጣ ነው?»

እውነትም ልል የነበረው እሱኑ ነው። ሲሚንቶ የተቃጠለ ድንጋይ ነው። ያን ለማቃጠል ስንትና ስንት እሳት ይነዳል፤ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል ምድርን የሚያሞቅ፣ ዝናቡን የሚያዛባ አየር ይተፋል። ከዚያ በከባድ መኪና አገር አቋርጦ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ከተማርሁት ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ይኸ ነው። ሰኔ ሲዘገይ፣ በረዶ በቆሎውን ሲያጭደው፣ ሰው ወደ ሰማይ ያያል፤ እኔ ስለዚያ እሳት አስባለሁ። ስለዚህ ለቤቴ የመረጥሁት ሁሉ ከቅርብ ነው፦ ድንጋዩ ከወንዙ፣ ቋሚውና ማገሩ ከአባቴ ባሕር ዛፍ፣ አፈሩ ከጓሮ።

«ቆርቆሮውስ?» አለ ደጀኔ፣ ጣራዬን በአገጩ እያሳየ። «እሱም ጓሮ በቀለ?»

«በእሱ ተሸንፌያለሁ። የክዳን ሣር ከየት ይምጣ? ሜዳው ሁሉ ታርሶ አለቀ።»

«እንግዲያ አንዴ የተሸነፈ ሰው ሁለተኛ ቢሸነፍ ምን ይጎዳዋል!»

አሳቀኝ። ከረጢቶቹን ጣራ ሥር ደርድሮ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ግድግዳውን ለረዥም ጊዜ አየሁት። ልሰን ብሎ የሚወተውተኝ አንድም ሰው አጠገቤ የለም፤ ግን ውዳሴ በብሎኬት ቤቷ ደጃፍ ቆማ ስትስቅ ይታየኛል። ብለስነው በጾም ዋዜማ ይህ ቤት ሰው ይሞላበታል። ባልለስነው ማን እንደሚገባበት አላውቅም። መዳፌን ቡቃያው ላይ አሳረፍሁ፤ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ ዶማ አነሳሁ።

ምርጊቱ በቁሙ እየተገነጠለ ወረደ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቋሚና ማገር ብቻ ቀረ፤ ቤቴ የጎድን አጥንቱ ታየ። የፈረሰውን ወደ ጉድጓዱ መልሼ ውኃ አጠጣሁትና ከመጀመሪያው እረግጥ ጀመር። በየቀኑ ማለዳ እየተነሳሁ ረገጥሁት።

ውዳሴ የመጣችው በቡሬ የገበያ ቀን ነው። ዘንቢሏን አጥሩ ላይ ሰቅላ ቤቱን ስታይ አፏን ያዘች።

«አንተ! አባዬ ልሰነው አሉ እንጅ አፍርሰው አሉ?»

«ጭቃው አልሸተተም ነበር።»

«ጾሙ ሊገባ ነው እኮ!»

«ይግባ። ሁዳዴን ይክረም። ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን፣ አባትሽ እሺ ካሉ።»

«ካላሉስ?»

አካፋ አንስቼ ጭቃውን ማገላበጥ ጀመርሁ።

«ካላሉስ ነው የምልህ!»

«ካላሉማ ቤቱ ይኖራል፤ አንቺ አትኖሪበትም።»

ወደ ማገሩ ቀርባ በጣቷ ነካችው። ቆጣ ያለች መስሎኝ ነበር፤ ስትዞር ግን ፊቷ ላይ ሌላ ነገር አለ።

«የኛን ቤት ታውቀው የለ? በቀትር እሳት ነው፤ ሲመሽ በረዶ። አባዬ ራሳቸው ቀን የሚያርፉት አሮጌው የጭቃ ማድቤት ውስጥ ነው። ብሎኬቱ ለእንግዳ ነው። ይኸን ግን ለማንም እንዳትነግር፤ ይገድሉኛል።»

ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሻጠችው።

«ተይ እንጅ፣ ሰው ቢያይሽ!»

«ምን ሊል ነው? ሳትዳር ጭቃ ረገጠች ሊል?»

«እንዲያውም እንዲያ ነው የሚለው።»

«እውነቱን ነዋ» ብላ ገባች።

በእኛ አገር የታጨች ልጅ የእጮኛዋን ደጅ አትረግጥም፤ ጭቃውንማ ማን ደፍሮ! ውዳሴ ግን እንደ አውድማ በሬ ዙሪያውን እየዞረች ትረግጣለች፤ እኔ በአፌ እየከለከልኳት በልቤ «አትውጭ» እላለሁ። እግራችን ሲገባና ሲወጣ ከሚያሰማው በቀር ሰፈሩ ጭጭ ብሏል። ተራ በተራ እየተንሸራተትን ተሳሳቅን።

ቀና ስል አያ ክንፈሚካኤል አጥሩ ሥር ቆመዋል። ከገበያ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የልጃቸውን ዘንቢል ተሰቅሎ አይተው ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

ውዳሴ ባለችበት ቀረች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«አያ፣ ግድግዳውን አፈረስሁት። ሲሚንቶውን ደጀኔ ይመልሰዋል። ጭቃው እስኪሸት ከታገሡኝ ከፋሲካ በኋላ… ካልታገሡኝም ቃልዎ ቃል ነው።»

አያ ያልተከፈቱትን ከረጢቶች አዩ። የቤቱን አጥንት አዩ። ልጃቸውን፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የዋጣትን፣ ከሁሉም ረዘም አድርገው አዩአት። ከዚያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ጭቃውን ቆነጠሩ፤ በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት፣ አሸተቱት፣ እንደገና አሹት።

ተነሥተው አጠገቤ የነበረውን የውኃ ጀሪካን አነሡ። ክዳኑን ፈትተው በጉድጓዱ ዙሪያ፣ ደረቅ ደረቅ ያለበትን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው አፈሰሱት። እስኪያልቅ። ባዶውን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀምጠው እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «እስከ ፋሲካ እንዳይደርቅ» ብለው ወደ መንገዱ ዞሩ።

«አባዬ፣ ቆዩኝ፤ እግሬን ልታጠብ» አለች ውዳሴ።

አልቆዩአትም።