በረዶ ለሁለት ብርጭቆ

ያለ በረዶ አልሠራም አልኩ፣ አልሠራሁም። ግትር ነህ ይሉኛል፤ ልሁና። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ መጠጥ ስቀላቅል የኖርኩ ሰው፣ ጡረታ ወጥቼ ሞላሌ አጠገብ አባቴ ቤት ስለገባሁ ሙያዬን አዋርዳለሁ?

መጠጡ ጁሌፕ ይባላል። ውስኪ አለው፣ ስኳር አለው፣ መዳፍ ላይ መታ መታ ተደርጎ ሽታው የወጣ የናና ቅጠል አለው፤ ከዚያ ብርጭቆው እስከ አፉ በደቀቀ በረዶ ይሞላል። ውስኪውን ስሰናበት የሥራ ጓደኞቼ ሰጥተውኛል፣ ክዳኑ አልተነካም። ስኳር ከገበያ ይገዛል። ናናውን ጓሮዬ ተክዬ፣ የመንዝ ብርድ እንዳይፈጀው ማታ ማታ ጆንያ አለብሰዋለሁ። በረዶ ግን ከየት ይምጣ? መብራት ይገባል ብለው በየስብሰባው ይነግሩናል፤ እስካሁን ምሰሶውንም አላየን።

እውነቱን ልናገርና እኔን የናፈቀኝ ሰው ነው። ሚስት አላገባሁ፣ ወንድሞቼ አልቀዋል። አገሬው «ሆቴሌ» እያለ ይጠራኛል። ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ ቤቴ ግን ከአያ ወልደ ጻድቅ በቀር ማንም ዝር አይልም። አያ ከካቡ ማዶ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጡኛል፣ ገብስ ያርሳሉ። ከማሳ ሲመለሱ ጎራ ብለው መደቡ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ስለ ፈረንጆች አወራላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። ያቺን ሰዓት ብዬ ነው ቀኑን የምገፋው።

መስከረም ላይ አንድ ቀን፣ «እስቲ ያን ዙሌፍ የምትለውን አቅምሰኝ፤ በወሬ ብቻ አሰከርከኝ እኮ» አሉኝ።

«አያ፣ ሁሉም ተሰናድቷል። በረዶ ብቻ ነው የጎደለኝ። እሱ ይምጣልኝ እንጂ ጉድ ነው የማሳይዎ።»

ሳቃቸው ደረቀ። ያን ሰሞን ገብሳቸው አሽቶ ነበር።

«ኃይለመስቀል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገብስ ቆሞ ሳለ ያንን በስሙ አንጠራም። መዓት ነው የምንለው። በል አማትብ።»

አማተብኩ። በልቤ ግን ሳቅሁ። እኔ የብርጭቆውን ሳወራ እሳቸው የሰማዩን ሰሙ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ቆርቆሮዬ ይንጣጣ ጀመር። ብቅ ብዬ ባይ በረዶ ነው፣ ባቄላ ባቄላ የሚያህል፣ ነጭ፣ ንጹሕ። ምን ልበላችሁ፣ ዓይኔ ሌላ ነገር አላየም። ሳፋ አጥቤ ግቢው መሐል ቆምኩ። አናቴን ይቀጠቅጠኛል፣ እኔ አፏጫለሁ።

ሲያባራ ሳፋው ሞልቷል። ናናውን ቀጠፍኩ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያቆየሁትን ክዳን ከፈትኩ፣ ሁለት ብርጭቆ ሠራሁ። እጄ አልረሳም ነበር። እንዳይቀልጥብኝ እየተጣደፍኩ ሁለቱንም ይዤ ካቡን ተሻገርኩ።

አያ ወልደ ጻድቅ ማሳቸው መሐል ቆመዋል። ገብሱ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ከጭቃና ከበረዶ ጋር ተለውሶ መሬት ላይ ተኝቷል። ሚስታቸው እትዬ ተሾመች ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አያ መጀመሪያ ፊቴን አዩ፤ ቀጥለው ብርጭቆዎቹን። መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም።

«መጣልህ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አያ፣ እኔ እኮ...»

«ውርጭ እስኪገባ ብትታገሥ ምን ነበረበት? ውሃ በሳህን ካቡ ላይ ብታሳድር ጧት በረዶ ሆኖ ታገኘው ነበር። ልጅ ሆነን ተናጥቀን ስንመጠምጠው አልነበር? ሰው እንዴት የአገሩን ውርጭ ይረሳል?»

ሠላሳ ዓመት በረዶ ከማሽን ሲወጣ እያየሁ ረስቼዋለሁ። ቤቴ ገብቼ ሁለቱንም ብርጭቆ ደጅ ደፋሁ።

ከዚያ ወዲያ አያ አልመጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንደምን ዋልክ» ይሉኛል፣ «እግዜር ይመስገን» እላለሁ፣ ያልፋሉ። ማሳውን ሲያጸዱ ላግዝዎ ብል፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃናል» አሉ። አገሬው ደግሞ ስሜን ለውጦ «በረዶ ጠሪው» አለኝ። ይበል። እኔን የጎዳኝ መደቡ ነው። ባዶውን እያየሁ እራት መብላት አቃተኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው መብላት ጀመርኩ።

ጥቅምት ሲያልቅ ውርጩ ገባ። ጆንያ ማልበሱን ትቼ ስለነበር ናናዬን በአንድ ሌሊት አጠቆረው። ያን ዕለት ማታ ውሃ በሳህን አድርጌ ካቡ ላይ አሳደርኩ። ጧት በረዶ ሆኗል። ፀሐይ ወጣ፣ ቀለጠ፣ ደፋሁት። በማግሥቱም አሳደርኩ፣ ደፋሁት። በየቀኑ እንዲሁ። ለማን ብለህ ነው እንዳትሉኝ፤ ግትር ነኝ ብያለሁ።

ዛሬ ጧት ስወጣ ካቡ ላይ ሁለት ሳህን አለ። አንዱ የኔ ነው። ሌላው ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ሳህን ነው፤ እትዬ ተሾመች ንፍሮ ሲያቀርቡበት አውቀዋለሁ። ውሃው እስከ አፉ ጠጥሯል። ወደ ማዶ ባይ ማንም የለም፤ አያ በሬዎቻቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ሁለቱንም በረዶ ሰብሬ እንስራ ውስጥ ከተትኩና ዙሪያውን በገለባ ሸፈንኩት፤ እስከ ማታ ከቆየልኝ። ናና የለኝም። ጦስኝ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ሞልቷል፣ እሱን ውርጭ አይነካውም። ሄጄ ቀጥፌ መጣሁ። አሁን መደቡን እየጠረግሁ ነው።