የወንበሯ ልክ

«የታለች? እኔ ምንም አይታየኝም» አለ አናጢው፣ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግቶ።

«አለች አባዬ። ፎቶ እዚህ ውስጥ መጀመሪያ ሲከፈት ነጥብ ነው የሚያክለው» አለችው ሴት ልጁ። የቤት ፕላን የምትነድፍበት ፕሮግራም ነው። ነጥቧን አቅርባ አሰፋቻት። እናቷ ከወንበሯ አጠገብ ቆማ ፈገግ ብላ ታየች፤ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል።

ወንበሩን የሠራላት አናጢው ነበር። በሐዘኑ ሰሞን ባዶውን ማየት ቢያቅተው ፈልጦ አነደደው። አሁን ደግሞ ባዶው ጥግ ባሰበት። ያንኑ ወንበር መልሶ ለመሥራት ቢነሣም ልኩ ጠፋው። ልጁ ከፎቶው ላይ ልታወጣለት ነው በምሳ ሰዓት ቢሮዋ የጠራችው።

«ፕሮግራሙ የአንድ ነገር እውነተኛ ልክ ይፈልጋል፤ የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። እማዬ ቁመቷ ስንት ነበር?»

ሰፈርተኛው «ዓይኑ ሜትር ነው» የሚለው አናጢ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት ለክቷት አያውቅም። መዳፉን ከአገጩ ሥር አደረገ።

«እዚህ ድረስ ትመጣ ነበር።»

«ግድግዳውን ተደግፈህ ቀጥ በል እስቲ። ጎብጠህ እማዬን እንዳታሳጥርብኝ።»

ቀጥ አለ። ልጅቱ ሜትሩን ከወለሉ እስከ አባቷ መዳፍ ዘረጋች፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ። ቁጥሩን አስገባችና የወንበሩን መቀመጫ ከፍታ ለካች። ደግማ ለካች።

«አርባ ሰባት ሳንቲ። ለእሷ ሠላሳ ስምንት ይበቃት ነበር። ይሄ ባንተ ልክ ነው የተሠራው።»

«እግሯ መሬት አይነካም ነበር ማለት ነው?»

ልጅቱ ፎቶውን አቀረበችው። ከወንበሩ ፊት አንዲት የእንጨት ሳጥን አለች። ሁለቱም እስከ ዛሬ የክር ማስቀመጫ ብቻ ትመስላቸው ነበር። የክዳኗ ቀለም መሀል መሀሉ ላይ በተረከዝ ተፍቆ አልቋል።

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ» አለ አናጢው። «ለስንቱ ባዕድ ከፍ፣ ዝቅ አድርጌ ስሠራ ኖሬ።»

«ቅር እንዳይልህ ብላ ይሆናላ።»

ልጅቱ የወንበሩን ንድፍ መሳል ጀመረች። «እንደነበረው አርባ ሰባት ብዬ ልጻፈው?»

«ሠላሳ ስምንት አድርጊው።»

«ላንተ አይመችህም እኮ፤ ሌላ የሚቀመጥበት ደግሞ የለም።»

«ግድ የለም» አለ አናጢው፣ ዓይኑን ከፎቶው ሳይነቅል። «ሳጥኗን ግን አትሳያት። ከእንግዲህ አታስፈልጋትም።»