የመስፍኑ ጠበቃ

ሰው በሌለ ሰው እንዲህ አይጣላም። መጋረጃ ሰፊዋና ታላቅ ወንድሟ ግን ባልተፈጠረ መስፍን ሰበብ ወር ሙሉ ተነታረኩ፤ ያውም ሳይተያዩ፣ ኮምፒውተር ላይ በሚጫወቱት ጌም ውስጥ እየተጻጻፉ።

መስፍኑ የጌሙ ክፉ ሰው ነው። የንጉሡ የበኩር ልጅ ሆኖ ሳለ ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ቃል ኪዳን ገባና የአባቱን ከተማ በር ከፈተላቸው።

«ሆዳም ነው፣ በቃ» ይላል ወንድሟ። «ሥልጣን አማረው፣ አባቱን ሸጠ። ምክንያት አትፈልጊለት።»

«ከተማው እኮ እህል ጨርሶ ነበር» ትላለች እሷ፣ መጋረጃውን ጭኗ ላይ እንደዘረጋች። «የእህሉን መንገድ የያዙት ወንበዴዎቹ ናቸው። ንጉሡስ ምን አደረገ? ግንብ ላይ ወጥቶ ፎከረ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ልጁ ቢዋዋል ምን ይገርማል?»

«ለከተማው ብሎ ከሆነ የወደቡን ቀረጥ ለምን ለራሱ አደረገ?»

«ወንበዴዎቹ እንዲያምኑት ነዋ። ድርሻ የሌለውን ሰው ማን ያምናል?»

«ሚጡ፣ አንቺ እኮ ለሰይጣንም ጠበቃ ትቆሚለታለሽ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለቱም ስለማን እንደሚከራከሩ ልባቸው ያውቀዋል። እሷ የተቀመጠችበት የስፌት ቤት የአባታቸው ነው። ድሮ ወንድሟ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። አንድ ቀን አባታቸው በደንበኛ ፊት አዋረዱት፤ እሱም ቤቱን ያቆመውን ትልቁን ደንበኛ፣ ሆቴሉን፣ ይዞ ከመንገዱ ማዶ ላለው ተፎካካሪ ገባ። አባት «ወንድ ልጅ የለኝም» አሉ። ተፎካካሪውም ብዙ አላቆየው፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ስልኩንም ቀየረ። እህቱ ጌሙ ውስጥ ያገኘችው በልጅነት ቅጽል ስሙ ፈልጋ ነው። ተቀበላት፣ ግን በአንድ ነገር ላይ ቁርጡን ነገራት፦ ስለ ቤት ከጠየቀችው ዳግም አታገኘውም።

ስለዚህ «በልተሃል?» ልትለው ሲያምራት ስለ እህሉ መንገድ ታነሳለች። አንዴ ብቻ ደፈር ብላ «መስፍኑ መልእክተኛ ቢልክ አባቱ ይቅር ይሉት ነበር» ብላ ጻፈችለት። «አይሉትም» ብሎ መለሰ። የዚያን ቀን ስፌቷ ሁሉ ጠመመ።

የመሐላው ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ተጫዋች ወይ ለንጉሡ ወይ ለመስፍኑ ይምላል፤ ከማለ በኋላ ክረምቱ እስኪወጣ መመለስ የለም። ክፋቱ ደግሞ የሁለቱ ጎራ ሰዎች ቋንቋ ይለያያል። አንዱ የጻፈው ለሌላው ትርጉም የሌለው ጭረት ሆኖ ይታየዋል።

ለማን እንደሚምል መጠየቅ ነበረባት፣ ምን ጣጣ አለው? ግን «የት ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያን የተከለከለውን መሰላትና ጣቷ እንቢ አለ። በራሷ ሂሳብ ሠራች። ወር ሙሉ መስፍኑን ሲረግም የከረመ ሰው ወደ ንጉሡ እንጂ ወዴት ይሄዳል? የመስፍኑ ጠበቃ ክርክሯን ዋጠችና ለዚያ ለምትንቀው ፎካሪ ንጉሥ ተንበርክካ ማለች።

እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ደንበኛ የለም። በንጉሡ ሠራዊት መሐል ወንድሟን ፈለገችው፣ አጣችው። እዚያው ስክሪኑ ላይ ከከተማው በር ማዶ አየችው። የመስፍኑን ጥቁር ካባ ለብሶ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሰው ይፈልጋል። እሷን ነው የሚፈልገው። ያ ግትር፣ በክርክር ተሸንፎ የማያውቅ ሰው፣ እህቴ እዚያ ትሆናለች ብሎ ሲረግመው ለከረመው መስፍን ምሏል። በሳቅ ጀመረች፣ ሳቁ ግን ወዲያው ልቅሶ ሆነባት።

ጻፈችለት። በእሱ ስክሪን ላይ ጭረት ሆኖ እንደወጣ ከአቋሙ ገባት። እሱም ጻፈ፤ ጭረት። ክረምቱን ሙሉ ያለ እሱ ንትርክ ልትገፋው ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ታያት፦ የማይነበብ ነገር ቃል አያፈርስም። «በልተሃል?» ብላ ጀመረች። «አባዬ በመንገድ ያንተ አረማመድ ያለው ሰው ሲያልፍ የስፌት መኪናውን ያቆማሉ። ሰውየው እስኪርቅ አይሰፉም። ናፍቀኸኛል። እባክህ ና።»

ከበሩ ማዶ ካለው ጥቁር ካባ ጭረቱ መውረድ ጀመረ፤ መስመር በመስመር ላይ፣ ፋታ የለውም። እንዲህ ብዙ ጽፎላት አያውቅም። ስክሪኑ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ማን ነው?» አሉ አባቷ። ከጓዳ የወጡት ጨርቅ በክንዳቸው እንደያዙ ነው፤ ከኋላዋ ከቆሙ የቆዩ መሰላት።

ደንበኛ ነው ማለት ትችል ነበር።

«ልጅዎ ነው» አለች።

አባት አልተቆጡም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ምን ይላል?»

«አይነበብም፣ አባዬ።»

«እስቲ ተነሺልኝ» አሉና ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተውም ጭረቱን ከመጀመሪያው መስመር አንስተው ያዩት ጀመር።