በሞገስ ፊት ያልኩት

ባሌ እንደሞተ የወንድሙ ልጅ ሞገስ የገብስ ማሳዬን ነጥቆ አረሰው። ደብረ ታቦር ሄጄ ለድሃ በነፃ የሚከራከሩ ጠበቆች ዘንድ ገባሁ። መክሊት የምትባል ልጅ፣ «እናቴ፣ ድሃ ለመሆንዎ ከቀበሌ ወረቀት ያምጡልኝና እቆምልዎታለሁ» አለችኝ።

ቀበሌው ጎረቤት ሰብስቦ በሰው ፊት ጠየቀኝ። ሞገስ ከዳር ተቀምጦ፣ «ይንገሯቸው እንጂ እሜቴ፣ የሚቀምሱት የለዎትም አይደል?» አለ።

እንግዲህ በእሱ ፊት አጣሁ ልበል? «ካንተ ደጅ ቆሜ አውቃለሁ? ጎተራዬ ሙሉ ነው፤ ላሜም ትታለባለች» አልኩት። ጎተራዬን አይጥ እንኳ ትታዋለች። ላሟንም ለባሌ ተዝካር ሸጫታለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ያውቃሉ፤ እኔን ላለማዋረድ ግን አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ጸሐፊው ያልኩትን ጽፎ ማኅተም መታበት።

መክሊት ወረቀቱን አንብባ ቀና አለች። «እናቴ፣ የሞላልዎት ሰው ነዎት ይላል። እንዲህ እያለ ልቆምልዎ አይፈቀድልኝም። ማነው የዋሸብዎት?»

«እኔው ነኝ» አልኳት።

ዘንድሮም ማሳዬን ሞገስ ዘራው። በአጠገቡ ሳልፍ፣ «ደህና አደሩ እሜቴ? የጎደለ ነገር አለ?» ይለኛል።

«ምን ይጎድለኛል፣ ተመስገን» እለውና ቀና ብዬ አልፋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን የምጥደው የለኝም።